ግራሶ የጠገበ ጎማ

በአንድ ጠዋት፣ በአንድ ክፍል ውስጥ፣ የአሥራ አንድ ሕፃናት ሱሪ ረጠበ። ሞግዚቷ መጀመሪያ የጠረጠረችው አንዱን ልጅ ነበር። እሱን ቀይራ ሳትጨርስ ሁለተኛው ብድግ አለ፤ እሱም እርጥብ ነው። ሦስተኛዋ ጋ ስትደርስ ነገሩ ከልጆቹ እንዳልሆነ ገባት። ጎንበስ ብላ ምንጣፉን በመዳፏ ጫን አደረገችው። መዳፏ ረጥቦ ተነሣ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ የታጠበ ምንጣፍ፣ ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ገና ውሃ ይተፋ ነበር።

የመዋዕለ ሕፃናቱ ዳይሬክተር ወዲያው ወደ አጣቢው ደወለች።

«ጋሽ ቀስታ፣ ይሄ ሁለተኛዎ ነው» አለችው። «አንድ ክፍል ሙሉ ልጅ ሱሪ ቀይረናል። መለወጫው አልቆብን አንዱ ልጅ የእኔን ሻርፕ አገልድሞ ነው የተቀመጠው።»

«ይቅርታ አድርጉልኝ። ምን እንደሆነ…»

«ልጆቹ መሬት ላይ ነው የሚውሉት፤ እርጥብ ላይ አላስቀምጣቸውም። ሦስተኛ ከደገመን ምንጣፉን ጠቅልዬ ፕላስቲክ አነጥፋለሁ። ፕላስቲክ ደግሞ በመወልወያ ነው የሚጸዳው፤ አጣቢ አይፈልግም።»

«የሚቀጥለው ተራችን መቼ ነው?»

«የዛሬ ሦስት ሳምንት ዓርብ።»

«እስከዚያ አገኘዋለሁ።»

«ምኑን?»

«የሚያረጥበውን» አለና ስልኩን ዘጋ። በእጁ ላይ ሦስት ሳምንት ነበረው።

ቀስታ ቅጽል ስሙ ነው። የቤት ዕቃ በሚያመላልስ ድርጅት ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲነዳ፣ ባለ መስታወት ቁም ሣጥን በተጫነ ቁጥር፣ ከፊቱ ጉድጓድ ባየ ቁጥር፣ ለራሱም ለመኪናውም «ቀስታ፣ ቀስታ» ይል ነበር። ጫኝና አውራጆቹ መጀመሪያ ሳቁበት፤ ኋላ ስም አደረጉለት። ዛሬ ባለቤቱ እንኳ በእውነተኛ ስሙ የምትጠራው ስትናደድ ብቻ ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ መስታወት አልሰበረም። ድርጅቱ ሲዘጋ፣ ጉልበታቸውን አሟቸው ሥራ ካቆሙ አንድ ምንጣፍ አጣቢ ላይ ቫናቸውን ከነሙሉ ዕቃው ገዛ። የመጀመሪያ ደንበኛው ያ መዋዕለ ሕፃናት ነበር። ሌላ ሰው ገና «አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ አጣቢ ሆንክ?» እያለ ሲስቅበት፣ ዳይሬክተሯ ቁልፍ ሰጥታ አስገብታዋለች። ስለዚህ የዚያን ቀን ያስጨነቀው አንድ ሥራ መቅረቱ ብቻ አልነበረም። መጀመሪያ ያመነችውን ሰው ማሳፈሩ ነበር።

ነገሩ እንዲገባን መጀመሪያ ወደ ቫኑ ሆድ ውስጥ እንግባ፤ መግባቱም ደስ ይላል።

ምንጣፍ ማጠብ ከውጭ ሲያዩት ውሃ ማፍሰስና መፈተግ ይመስላል። አይደለም። በቫኑ ውስጥ ሁለት ታንከሮች አሉ፤ አንዱ ንጹሕ ውሃ ይይዛል፣ ሌላው የቆሸሸውን ይቀበላል። በመካከላቸው የራሷን ነዳጅ የምትጠጣ አንዲት ትንሽ ሞተር ተቀምጣለች። ሞተሯ ሁለት ሥራ ትሠራለች። በአንድ በኩል ፓምፑን እያዞረች ሙቅ ውሃና ሳሙና በቀጭን ቱቦ ወደ ቤት ውስጥ ትገፋለች። በሌላ በኩል መሳቢያውን እያዞረች ከቆሻሻው ታንከር ውስጥ አየር ትመጥጣለች። አየሩ የተመጠጠበት ታንከር ይርበዋል፤ የተራበ ደግሞ ያገኘውን ይስባል። በወፍራሙ ቱቦ በኩል፣ ከምንጣፉ ፀጉር ሥር፣ ውሃውንም አቧራውንም የብስኩቱን ፍርፋሪም ጎትቶ ይውጣል። ለምንጣፍ ውሃ መስጠት ማንም ያውቅበታል። ሙያው የሰጡትን ውሃ መልሶ መቀበሉ ላይ ነው።

ቀስታ ይህንን ሁሉ የተማረው በሁለት ወር ውስጥ ነው፤ ሲማር ደግሞ እንደ ሕፃን እየተደሰተ ነበር። ጥገናውን ግን የሚማረው ያለም አልመሰለውም። ዘወትር ቅዳሜ ጠዋት ቫኑን ከቤቱ አጥር ሥር ያቆምና የኋላ በሩን ከፍቶ ሃያ ሦስት የጥገና ሥራ የተዘረዘረበትን ደብተሩን መሬት ላይ ይዘረጋል። የመኪናውንም የትንሿንም ሞተር ዘይት ያያል። ፊልትሮውን አውጥቶ ያራግፋል። ሞተሯ መሳቢያውን የምታዞርበትን ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ ይወጥራል። ፓምፑ ውስጥ የውሃ ድንጋይ እንዳይጋገር ኮምጣጤ ያሳልፍበታል። እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ፈትቶ ይጠርጋል፣ የመኪናውን ጎማዎች አየር በጌጅ ይለካል፣ ታንከሮቹን አጥቦ ያደርቃል። ከዚያ የግራሶውን፣ የወፍራሙን የማሽን ቅባት፣ ቆርቆሮ ያነሣና የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ፣ የሚታጠፍ ነገር ሁሉ፣ የሚዘጋ ነገር ሁሉ ይቀባል።

ጎረቤቱ፣ ጡረታ የወጣው የፖስታ ቤት ሠራተኛ፣ በአጥሩ ላይ ተደግፎ ይመለከተዋል።

«ይሄ መኪና ታሞ ያውቃል?»

«አንድም ቀን።»

«እንዴት ይታመማል! ሁልጊዜ ሐኪም ቤት ተኝቶ!»

«ሳይታመም ነው ማከም» ይላል ቀስታ፣ ቀና ሳይል።

«እንደሱ ከሆነ እኔንም አስተኛኝ፤ ወገቤን አንድ ጊዜ ግራሶ ቀባልኝ።»

እንግዲህ እንዲህ የሚንከባከቡት ማሽን ነው ውሃውን ምንጣፍ ላይ ትቶት የመጣው።

ከዳይሬክተሯ ስልክ በኋላ ቀስታ መጀመሪያ የጠረጠረው ሳሙናውን ነበር። ለወጠው። ቀጥሎ አየሩን ጠረጠረ፤ ሰሞኑን ደመና ነበር። ነገር ግን ደመናው ተገፎ፣ ፀሐይ ወጥቶ፣ በሌላ ደንበኛ ሳሎን ያጠበው ምንጣፍም ሁለት ቀን ፈጀ። ያኔ መገመቱን ትቶ መለካት ጀመረ፤ ነገሩም የሚጥመው ከዚህ በኋላ ነው።

ከራሱ ቤት አሮጌ ምንጣፍ ላይ አንድ ቁራጭ ቆረጠ። በደረቁ መዘነው፤ ልክ ሁለት ኪሎ ሆነ። አጠበው፣ ሳበው፣ መልሶ በሚዛኑ መንጠቆ ላይ አንጠለጠለው። ሦስት ኪሎ ከመቶ ግራም። ከአንድ ሊትር በላይ ውሃ እዚያች ቁራጭ ውስጥ ተደብቆ ቀርቷል ማለት ነው። ቁጥሩን ደብተሩ ላይ ጻፈና አሰመረበት። ከዚህ በኋላ የሚያደርገው ለውጥ ሁሉ በዚህ ቁጥር ይፈረዳል። ሕግም አወጣ፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ። ሁለት ነገር በአንዴ የለወጠ ሰው፣ ቢሻለውም እንኳ የቱ እንዳሻለው አያውቅም።

ረጅሙን ቱቦ በአጭር ቱቦ ለወጠ፤ ሚዛኑ ብዙም አልተንቀሳቀሰም። ስለዚህ ቱቦው ነጻ ነው። ምንጣፉ ላይ የሚገፋውን የመጥረጊያ አፍ አዲስ አደረገ፤ ያው ነው። መሳቢያውን ከታንከሩ ፈታና አፉ ላይ ቁራጭ ጣውላ አስጠጋ። እጁን አላስጠጋም፤ ቀስታ እኮ ነው። መሳቢያው ጣውላውን ላጥ አድርጎ ወሰደበት፤ ለማላቀቅ ሞተሯን ማጥፋት ነበረበት። ስለዚህ መሳቢያው ጎበዝ ነው። ቱቦው ደህና፣ አፉ ደህና፣ መሳቢያው ደህና፤ ግን ሲገጣጠሙ ደካማ። የቀረው ታንከሩ ብቻ ነው። ታንከሩን በውሃ እስከ አፉ ሞላና አንድ ሰዓት ጠበቀ። አንድም ጠብታ አልወጣም።

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ደብተሩን ይዞ ባለቤቱ ወደምትሠራበት ክፍል ገባ። ባለቤቱ ልብስ ሰፊ ናት። ክፍሏ ወደ መንገዱ የሚያይ አንድ ሰፊ መስኮት አለው፤ ከመስኮቱ ሥር የስፌት መኪናዋ፣ ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ስልኩና የደንበኞች የቀጠሮ ደብተር። የምንጣፍ ቀጠሮ የምትቀበለው ከንፈሯ ላይ መርፌ ነክሳ ነው።

«ሁሉም ደህና ነው» አላት ወንበር ላይ እየወደቀ። «አንድ በአንድ አየሁት። ሁሉም ደህና ሆኖ ሥራው ግን አይሠራም።»

«ምን ምን አየህ?»

ቆጠረላት። መርፌውን ከአፏ አወጣች።

«ክዳኑስ?»

«የቱ ክዳን?»

«የታንከሩ ነዋ። ስትሞላው ውሃው ከክዳኑ በታች ነው የሚቆመው። ክዳኑን አላየኸውም ማለት ነው።»

«አይ፣ ክዳኑ አይሆንም። ከሁሉ አብልጬ የምንከባከበው እሱን ነው። በየሳምንቱ በገዛ እጄ ነው የምቀባው።»

«ይኸው ነው! አንተ የማትጠረጥረውን እስቲ እኔ ልጠርጥርልህ» ብላ ከክር ማጠንጠኛዋ ላይ አንድ ክንድ የሚሆን ቀጭን ነጭ ክር በጠሰችና ተነሣች።

ውጭ ወጡ። ሞተሯ ተነሣች። ባለቤቱ ቫኑ ውስጥ ገብታ ክሩን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ በክዳኑ ዙሪያ ቀስ እያለች አሳለፈችው። በፊት ለፊቱ ክሩ ዝም ብሎ ተንጠለጠለ። በቀኙም እንዲሁ። ከኋላ፣ ማጠፊያው አጠገብ ስትደርስ፣ የክሩ ጫፍ ሽቅብ ተነሣና ወደ ክዳኑ ሥር ሽው ብሎ ገባ። ለቀቀችው፤ ክሩ በሙሉ ተውጦ ጠፋ።

«በላው!» ብላ ጮኸች፣ ከሞተሯ ድምፅ በላይ።

ያኔ ለቀስታ ነገሩ ተገለጠለት። መሳቢያው አየሩን የሚስበው ከምንጣፉ በኩል ብቻ መሆን ነበረበት። ግማሹን ግን በጓሮ በር፣ በክዳኑ ሥር በኩል፣ ያለ ድካም ሲጠጣ ከርሟል። ቀላል መንገድ ካገኘ ለምን ብሎ የምንጣፍ ፀጉር ሥር ይቧጥጣል?

ሞተሯን አጥፍቶ ክዳኑን ከፈተ። በክዳኑ ከንፈር ዙሪያ የሚዞረውን ማሸጊያ ጎማ በጣቱ ሲጫነው፣ እንደ ሊጥ ገባ፤ ገብቶም ቀረ። አንዱ ጋ ያበጠ፣ አንዱ ጋ የተሸበሸበ ነበር።

በማግስቱ ጎማውን አውጥቶ አንዲት ጎማ ቆራጭ ዘንድ ሄደ። ጎማ ቆራጯ ጠባብ ሱቅ ውስጥ የምትሠራ፣ ግድግዳዋ በሙሉ በክብና በአራት ማዕዘን ጎማ የተሸፈነ፣ ጎልማሳ ሴት ናት። የመጣላትን ጎማ መጀመሪያ አላየችውም፤ አሸተተችው። ከዚያ በሁለት ጣቷ ጨመቀችው። ከዚያ ቀስታን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ምን አበላኸው ወንድሜ?»

«ማለት?»

«ይሄ ጎማ ጠግቦ ነው የሞተ። ምን ቀባኸው?»

«ግራሶ።»

«በስንት ጊዜው?»

«በየሳምንቱ።»

«ስንት ዓመት?»

«ሦስት።»

«ኧረ የሰው ያለህ!» ብላ ጭኗን መታች። «ሰው ጎማ ረስቶ፣ ደርቆበት ይመጣል። እንዳንተ ቀልቦ የገደለ ግን አላጋጠመኝም።»

ቀስታ መሳቅም ማፈርም አቃተው። «እንዳይደርቅ ብዬ እኮ ነው» አለ። «አባቴ ጫማ ሰፊ ነበሩ። የደረቀ ነገር ሁሉ ቅባት ጠምቶታል ይሉ ነበር። በልጅነቴ ቆዳውን የምቀባው እኔ ነበርኩ።»

«አባትህ ልክ ናቸው። ለቆዳ።» ከመደርደሪያዋ ላይ አንድ ክዳን ያለው ብርጭቆ አወረደች። ውስጡ ዘይት አለ፤ ዘይቱ ውስጥ አንድ የጎማ ቀለበት ተቀምጧል። በሽቦ ጎትታ አወጣችውና ከሌላ ደረቅ ቀለበት አጠገብ አስቀመጠችው። «ሁለቱም የተቆረጡት በአንድ ቢላዋ፣ በአንድ ቀን ነው። አሁን እያቸው።»

ዘይት ውስጥ የከረመው በትንሽ ጣት ውፍረት ያህል ሰፍቶ፣ ለስልሶ፣ ቅርፁን ስቶ ነበር። ደረቁ እንደ ተቆረጠ ነው።

«ቆዳ ቅባት ሲጠጣ ይለሰልሳል፤ በጄ» አለች። «የዚህ ዓይነቱ ጎማ ግን ቅባት ሲጠጣ ያብጣል፣ ይልማል፣ ተጭነኸው ስትለቀው አይመለስም። ማሸጊያ ማለት ደግሞ ሲጫኑት ተመልሶ የሚገፋ ነገር ነው። የማይገፋ ጎማ ጎማ አይደለም፣ ጨርቅ ነው።»

ቀስታ ኀፍረቱን ረስቶ ወደ ብርጭቆው ጎንበስ አለ። ሰው ጥፋቱ እንዲህ ሲብራራለት መደሰቱ ያስቃል፤ እሱ ግን ተደሰተ። «ዘይት ውስጥ ስንት ጊዜ ቆየ? ሁሉም ዓይነት ጎማ እንዲህ ይሆናል? የሞተሯስ ጎማዎች ዘይት ውስጥ ውለው ዘይት ውስጥ ያድሩ የለ፣ እነሱስ ለምን አያብጡም?»

«እነሱ ሌላ ዘር ናቸው። ዘይት እንዳይጠጡ ሆነው ነው የሚሠሩት።» ፈገግ አለች። «አንተ ሰውዬ፣ ደንበኛ ነህ ተማሪ?»

«ታዲያ ይሄኛውን ምን ልቀባው?»

«ምንም። በሳሙና ውሃ አጥበው፣ በጨርቅ አድርቀው፣ ተወው። መተውም ጥገና ነው።»

አዲሱን ጎማ እሱ ፊት ቆረጠችለት። በክዳኑ ልክ፣ ጫፍና ጫፉ ቀጥ ብሎ እንዳይገናኝ በሰያፍ ቀድዳ፣ መገጣጠሚያው አየር እንዳያሳልፍ አድርጋ አጣበቀችው።

ሲመለስ ባለቤቱ አጠገቡ ተቀምጣ ነበር፤ ጨርቅ ለመግዛት ወጥታ ሳለ ነው መንገድ ላይ ያሳፈራት። የሆነውን ነገራት። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሳቋን ይዛ ኖሯል።

«ምን ያስቅሻል?»

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ አይንከባከበኝም እያልኩ ሳማርርህ!» አለች እንባዋን እየጠረገች። «እንኳንም እንደ ክዳኑ አልተንከባከብከኝ!»

እሱም ሳቀ። ቢሆንም ልቡ ውስጥ አንድ ነገር ቆንጥጦ ይዞት ነበር። ሰነፍ ሰው ቢያጠፋ ሰነፍ ነው ይባላል፣ ነገሩ ያልቃል። እሱ ግን በትጋቱ ነው ያጠፋው። ደብተሩ ላይ ሌላም እንዲህ ያለ ትጋት ተሰልፎ እንደሆነ በምን ያውቃል?

በዚያው ቀን ከደብተሩ ገጽ ግራ የሚሠራውን፣ ቀኝ «ለምን» የሚለውን ጻፈ። ዘይት ማየት፤ ለምን? መልስ አለው። ፊልትሮ ማራገፍ፤ መልስ አለው። በየሳምንቱ ቺንጋ መወጠር፤ እዚህ ላይ ብዕሩ ቆመ። ላልቶ አይቶት ያውቃል? አያውቅም። ስለሚችል ነው የሚወጥረው። አሁን ያለበትን ሲለካው ከሚገባው በላይ ተወጥሮ፣ መሳቢያው የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታ ወደ ጎን እየጎተተ አገኘው። አላላው። ካንዴላውንም በየሳምንቱ መፍታቱን ተወ፤ የመጠምዘዣ ጥርሱን የሚበላው ራሱ መፍታቱ ነበር። ከሃያ ሦስቱ ሥራዎች አምስቱ ወጡ። በወጡት ፋንታ ሁለት ማሻሻያዎች ገቡ። የታንከሩን ረሃብ የሚለካ ጌጅ ገዝቶ ከኋላ በሩ አጠገብ፣ ቱቦውን ይዞ ሲገባና ሲወጣ በሚያየው ቦታ አሰረ። በታንከሩና በመሳቢያው መካከል ደግሞ ፀጉርና ክር የሚያስቀር የሽቦ ወንፊት አበጀ። የወንፊቱ የመጀመሪያ ምርኮ የባለቤቱ ነጭ ክር ነበር። ሞተሯን አስነሥቶ ክዳኑን ሲዘጋው የጌጁ መርፌ ከዜሮ ተነሥቶ እስከ አሥራ ሁለት ወጣና ቀጥ ብሎ ቆመ። ቁራጩን ምንጣፍ አጥቦ መዘነ፤ ሁለት ኪሎ ከአራት መቶ ግራም። ሰባት መቶ ግራም ውሃ ተመልሷል።

ጎረቤቱ ቅዳሜ እንደ ልማዱ አጥሩ ላይ ተደገፈ። ቀስታ በአንድ ሰዓት ጨርሶ የኋላ በሩን ሲዘጋ ግራ ገባው።

«ምነው ዛሬ? ታካሚው ከሐኪም ቤት ወጣ?»

«ሐኪሙ ነው የታከመው» አለ ቀስታ።

ዓርብ ደረሰ። ቀስታ የመዋዕለ ሕፃናቱን ትልቁን ክፍል ከመስኮቱ ወደ በሩ እየመጣ አጠበ። አንድ ጊዜ ውሃ እየሰጠ፣ ሁለት ጊዜ በደረቁ እየሳበ ነው። አንድ መስመር በጨረሰ ቁጥር ወጥቶ ጌጁን አየ። ከመውጣቱ በፊት መስኮቶቹን ከላይ በኩል ገርበብ አደረገ። ቅዳሜ ጠዋት ዘበኛውን አስፈቅዶ ገባና ነጭ ወረቀት አንጥፎ በላዩ ቆመበት። ወረቀቱ ደረቅ ነበር። ቢሆንም የእሱ ወረቀት ፈራጅ አይደለም፤ ፍርዱ የሰኞ ነው።

ሰኞ ጠዋት ማንም ሳይጠራው ሄደ። ጫማውን አውልቆ በእጁ ይዞ በሩ ላይ ቆመ። ልጆቹ ገና አልገቡም። ዳይሬክተሯ ነጣ ያለ ግራጫ ቀሚስ ለብሳ መጣች፤ አየችው፣ ምንጣፉን አየች።

«ደርቋል?»

«እኔ ደርቋል እላለሁ።»

«እርስዎማ ባለፈውም ብለው ነበር» አለችና፣ መዳፏን በማሳረፍ ፈንታ፣ ከክፍሉ መሃል ሄዳ ቁጭ አለች። እግሯን ዘርግታ፣ በዚያው ግራጫ ቀሚሷ። «ልጆቹን አስገቢያቸው» አለቻት ሞግዚቷን። «ዛሬ መዝሙሩን እኔ ነኝ የማዘምረው።»

ልጆቹ ዳይሬክተሯን መሬት ላይ ሲያገኟት ዓለም የተገለበጠ መሰላቸው። ከበቧት። አንዷ ጭኗ ላይ ወጣች፤ አንዱ «አንቺም ትምህርት ቤት ገባሽ?» ብሎ ጠየቃት። ዘመሩ። ደገሙ። ስለ አይጥ የሚወራ አንድ ረጅም ተረትም ተተረተ። ቀስታ ሩብ ሰዓት ሙሉ ጫማውን እንደያዘ ቆሞ፣ ያንን ሁሉ ጊዜ የቀሚሱን ጠርዝ ነበር የሚያየው። ጠርዙ ቢጠቁር፣ ክፍሉ ፕላስቲክ ሊለብስ ነው፤ እሱም ከዚያ በር ሊወጣ ነው።

ዳይሬክተሯ በሞግዚቷ ክንድ ተደግፋ ተነሣችና ጀርባዋን አዞረች።

«እስቲ እዪኝ። እውነቱን።»

ሞግዚቷ ጎንበስ ብላ ከላይ እስከ ታች መረመረች። «የብስኩት ፍርፋሪ አለ» አለች። «ሌላ ምንም የለም።»

«ውሃስ?»

«ጠብታ የለም።»

ዳይሬክተሯ ወደ በሩ ዞረች። «ጋሽ ቀስታ፣ ጫማዎን ያስቀምጡ እንጂ፤ ማን ይወስድብዎታል?» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ምን ነበር የሆነው?» ብላ ጠየቀችው። ሳይደብቅ ነገራት፤ ስለ ግራሶው፣ ስለ አባቱ ቆዳ፣ ስለ ብርጭቆው ውስጥ ቀለበት። እሷም እንደሚገባ ሰማችው፤ ሰምታም ሳቀች፤ ከሳቀችም በኋላ ለማንም አጣቢ ከፍታው የማታውቀውን አንድ በር አሳየችው።

የጨቅላዎቹ ክፍል ነው። ወላጆቻቸው በፈረቃ ስለሚሠሩ ይህ ክፍል ቅዳሜና እሁድም አይዘጋም። ባዶ የሚሆነው በቀን አንድ ጊዜ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ለአንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። ጨቅላዎቹ ያኔ ወደ ጎረቤት ክፍል ተወስደው ይተኛሉ። ግድግዳው ስስ ነው። የቀስታ ሞተር ደግሞ ከዋናው በር ላይ ቆማ ስትጮህ መንገድ ተሻግሮ ይሰማል።

«ሳይነቁ ጥግ በጥግ ማጠብ ከቻሉ፣ ይሄም የእርስዎ ነው» አለችው። «የታጠበው ጥግ እስኪደርቅ እንከልለዋለን።»

ቀስታ ይህን ሲሰማ ፊቱ ላይ የታየው ደስታ፣ ባለቤቱ እንደምትለው፣ «አዲስ ችግር የተሰጠው ሰው ደስታ» ነው።

መጀመሪያ የሞከረው ቫኑን ማራቅ ነበር። ሃያ ሜትር ቱቦ ቀጥሎ ከመንገዱ ማዶ አቆመ። ድምፁ ቀነሰ፤ ግን ቱቦ በረዘመ ቁጥር ስበቱ ይደክማል። ጌጁ ይህንን አይነግረውም፤ ታንከሩ አጠገብ ተቀምጦ የቱቦውን ጫፍ ከየት ያውቃል? የነገረው ሚዛኑ ነው፤ ሁለት ኪሎ ከስምንት መቶ። ጨቅላዎቹን አስተኝቶ ምንጣፉን አርጥቦ መሄድ ደግሞ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ቫኑን መለሰና ሞተሯን በሣጥን መሸፈን ጀመረ። የጭስ ማውጫዋን ድምፅ የሚያፍነውን ማርሚታ ለወጠ፤ ጭሱን በረጅም ቧንቧ ከጣራው በላይ አወጣ። ጣውላ፣ በጣውላው ውስጥ ወፍራም የሱፍ ጨርቅ፣ በጨርቁ ላይ ሙቀት የሚመልስ ቆርቆሮ። ድምፁ ጠፋ ማለት ይቻላል፤ ሞተሯ ግን በዐሥር ደቂቃ ውስጥ በሙቀት ታፍና ቆመች። ለመተንፈሻ ቀዳዳ ከፈተላት፤ በቀዳዳው ድምፁ ተመልሶ ወጣ።

በየሳምንቱ ረቡዕ፣ በእንቅልፍ ሰዓት፣ ለአምስት ደቂቃ ሞተሯን እንዲያስነሣ ተፈቅዶለታል። ሞግዚቷ በመስኮት ብቅ ብላ ስንት ጨቅላ እንደነቃ በጣቷ ታሳየዋለች። በመጀመሪያው ረቡዕ የሁለት እጅ ጣቶች አልበቋትም። በሁለተኛው አምስት። ባለፈው አንድ፤ እሱም፣ እንደ ሞግዚቷ አባባል፣ «ያለዚያም የሚነቃ ክፉ ልጅ» ነው።

አሁን አራተኛውን ሣጥን እየሠራ ነው። ሐሳቡ ይሄ ነው፦ አየር ጥግ መዞር አይከብደውም፤ ድምፅ ግን ጥግ በዞረ ቁጥር ይደክመዋል። ስለዚህ ለመተንፈሻው ቀዳዳ ቀጥ ያለ መንገድ ሳይሆን ሦስት ጊዜ የሚታጠፍ፣ ግድግዳው ሱፍ የለበሰ መተላለፊያ እያበጀለት ነው። ከባለቤቱ ክፍል የተለቀመ ካርቶን በመቀስ ቆርጦ፣ በፕላስተር አጣብቆ፣ መጀመሪያ በካርቶን ያየዋል። ትናንት ሁለት እጥፋት ሞክሮ ሙቀት መለኪያውን ሲያይ ሩብ ሰዓት ሙሉ ሞተሯ አልታፈነችም። ሦስተኛው እጥፋት ቦታ አልበቃው ብሏል፤ ከሣጥኑ ጎን ያወጣዋል ወይስ ከሥሩ፣ ገና አልወሰነም። ካርቶኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ አንገቱን አዘንብሎ፣ በአንዱ ጫፍ እፍ እያለ በሌላው ጫፍ ትንፋሹን በመዳፉ ይቀበላል። ረቡዕ ሊደርስ ሁለት ቀን ቀርቶታል።